ለካሎሊ እጅ የነሳሁ ጊዜ

መሳቢያዬን ሳጸዳ ከክር ጥቅልሎች ሥር አንድ የመነጽር ፍሬም ወጣ። ትልቅ ነው፤ ወርቃማ ቀለሙ ጎንና ጎኑ ላይ ተልጧል፤ የግራ ክንዱ በቀይ ክር ተጠምጥሟል። በአሥራ አንድ ዓመቴ ካምፓላን በዚህ ፍሬም ዞሬያታለሁ። ጉንጬ ድረስ ይወርድ ስለነበር የሰፈሩ ልጆች በሉጋንዳ “ጃጃ” ይሉኝ ነበር፤ አያት ማለታቸው ነው። አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

እኩዮቼ ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ብዙ ወር ሆኖት ነበር። ትምህርቱ በሬዲዮ ነው፣ ሰላምታው በክርን ነው፣ እጃችን ቀኑን ሙሉ ሳኒታይዘር ይሸታል። እማዬ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ከእሷ አራት በር አልፎ የእትዬ ዘነበች ልብስ ስፌት ቤት አለ። እትዬ ዘነበች የክርስትና እናቴ ናቸው። ቤታቸው የስፌት መኪና ዘይትና ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ እኔ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ተቀምጬ እውል ነበር። ሥራዬ መርፌያቸው ውስጥ ክር ማስገባት ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ ስቼ አላውቅም። “ዓይን ማለት ይሄ ነው!” ይሉ ነበር ለመጣው ደንበኛ ሁሉ።

ማንም ያላወቀው ነገር፣ እኔም ጭምር፣ ከጠረጴዛ ማዶ ያለው ዓለም ለእኔ ውሃ የነካው ቀለም መሆኑን ነው። ሰው የምለየው በጥርሱ፣ በአሳሳቁ፣ በአረማመዱ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ማስክ መጣና ጥርሱንም ሳቁንም ሸፈነብኝ።

እትዬ ዘነበችን አንድ ቀን ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። ሁለተኛም አለፍኩ። ሦስተኛው ጊዜ ሰው ፊት ነበር። በእኛ ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

“ልጅሽ ኮርታብኛለች” አሏት እማዬን።

“ኧረ እትዬ፣ ማስክ አድርገው ስለነበር ነው!”

“ማስክ? እኔው ራሴ ጥለት አድርጌ የሰፋሁትን ማስክ?”

አላየኋቸውም ብዬ ማልኩ። ባሰባቸው። “ክር በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባ ልጅ፣ እኔን የምታክል ሴትዮ አላየሁም ትላለች!” አሉና ወጡ። የተመሰገንኩበት ዓይን መሰከረብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እኛ መምጣት ተዉ። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ በየገናው ቀሚስ የሚሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። የቀሚሱ ነገር አላሳሰበኝም ብል እዋሻለሁ። የበለጠ የከበደኝ ግን እማዬ ነበረች፤ በዚያ ከተማ እህቴ የምትላት ሌላ ሰው አልነበራትም። ሽንኩርት ስትከትፍ የስፌት መኪናው ድምፅ ከተሰማ ቢላዋው እጇ ላይ ይቆማል።

እኔም በልጅ ጭንቅላቴ መላ ፈለግኩ፤ ቀጥ ብሎ ለቆመ ነገር ሁሉ እጅ መንሳት። ለቦዳ ነጂዎች እጅ ነሳሁ፤ ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ “ጄባሌ ኮ!” እያሉ፣ በርቺ እንደማለት ነው፣ በሳቅ መለሱልኝ። ለፖሊስ እጅ ነሳሁ። ሱቅ በር ላይ ለቆመች፣ ጎመሲ የሚባለውን የአገሩን ቀሚስ ለለበሰች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሁለት ጊዜ እጅ ነሳሁ።

አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልደፋ መንገዱ መጨረሻ ወዳለው ገንዳ ሄድኩ። ገንዳው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ራሰ በራ ናቸው፤ ግራጫ ካፖርት ደርበዋል፤ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ያስባሉ። ባልዲዬን አስቀመጥኩና ጎንበስ አልኩ።

“ደህና አደሩ አባባ?”

አልሰሙኝም ብዬ ይበልጥ ጎንበስ አልኩ። “እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው?”

አባባ ክንፋቸውን ዘረጉና በረሩ።

ከኋላዬ የሳቅ ድምፅ ፈነዳ፤ ያን ሳቅ ማስክም አይደብቀውም። እትዬ ዘነበች ነበሩ። “ፍሬ! ለካሎሊ ነው እንዴ?” ካሎሊ የካምፓላ ቆሻሻ ባለበት የማይጠፋ፣ የሰው ልጅ የሚያህል መላጣ ወፍ ነው። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ካሉበት ሳይነቃነቁ “ስንት ጣት ነው?” አሉኝ።

“እጅዎን የት አድርገውት ነው?” አልኳቸው።

ደረታቸውን መቱ። “ወይኔ ልጄን! እኔ ስቀየማት የከረምኩት ለዚህ ነው?”

እጄን ይዘው እየጎተቱ የእማዬ ማድ ቤት ገቡ። “ነይ ተመልከቺ፣ ልጅሽ እኔን ትታ ለካሎሊ እጅ ትነሳለች!” እማዬ ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው ሳይገባኝ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገችው። ተቃቀፉ፤ ርቀት ጠብቁ የተባለው ያን ቀን ተረሳ።

መነጽር ውድ ነው ብላ የፈራችው እማዬ መጀመሪያ የወሰደችኝ መሃል ከተማ፣ መነጽር ሰሌዳ ላይ ደርድሮ እየዞረ ወደሚሸጥ ሰውዬ ነው። “ኛቦ፣ ይሄ ፖወር አለው!” እያለ፣ ኛቦ እመቤት ማለት ነው፣ አንዱን ያወልቃል፣ ሌላውን ያደርግልኛል። ሁሉም ጋዜጣ ለሚያነቡ አዛውንቶች የተሠራ ነው፤ ባደረግኩ ቁጥር እማዬ ራሷ ጠፋችብኝ። እትዬ ዘነበች በቃ አሉና በማግስቱ በርካሽ የሚመረምር የዓይን ክሊኒክ አለ ወደተባለበት ወደ ሜንጎ ወሰዱኝ።

መርማሪው ከባድ የብረት መነጽር አጠለቀልኝና መስታወት እየቀያየረ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል። አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው? ሁለቱም ጥሩ ናቸው አልኩት። እንደገና ቀየረ። እነዚህስ? እነዚህም ጥሩ ናቸው፣ አመሰግናለሁ። ትልቅ ሰው የሰጠውን ነገር እንዴት ይሄ አይረባም ይባላል? ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሱ።

“አንቺ ልጅ! ለመስታወት ምን ይሉኝታ አለው?”

ያን ጊዜ ነው እውነቱን የተናገርኩት፤ ሁለተኛው ይሻላል።

የሌንሱን ዋጋ ቻልነው። ፍሬሙ ግን ከሌንሱ በለጠ። አብራን የመጣችው እማዬ የመነጽር ሱቁን መስኮት ስታይ እትዬ ዘነበች ቦርሳቸውን ከፈቱና ከመሃረብ ውስጥ ያንን ወርቃማ ፍሬም አወጡ። ድሮ ሲሰፉ የሚያደርጉት የራሳቸው ነበር። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ፍሬሙን እያገላበጠ አይቶ ይሆናል አለ፤ ሌንሱን በልኩ ሞርዶ እንዲገጥመው አንድ ሳምንት ጠበቅን።

ከዚያ ሁሉ የማልረሳው ያንን ሳምንት ነው። እትዬ ዘነበች ለሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ነገሩ። መንገድ ላይ ስሄድ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ እኔ ነኝ፣ ተስፋዬ ነኝ! እኔ ነኝ ፍሬዬ፣ ለምለም ነኝ! ቦዳ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ለመዱት። ልጅ ሆኜ እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ የለም፤ ሰው ሁሉ ስሙን ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

መነጽሩን ያደረግኩ ቀን ከታክሲ ስወርድ እትዬ ዘነበችን ከመንገዱ ማዶ፣ ከብዙ ሰው መሃል ለየኋቸው። ነጠላቸው ላይ የተሰካው መርፌ ሲያበራ አየሁት። ካለሁበት ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ርቀት ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ ግራ ቀኝ እያዩ ለማይታወቅ ሰው አጸፋውን መለሱ። ለገና ቀሚሴን ሰፉልኝ፤ ከተረፈው ጨርቅም የመነጽር ማስቀመጫ ቦርሳ ጨመሩልኝ።

አሁን መነጽሬ ቀጭንና ጥቁር ነው፤ በልኬ የተገዛ። ሰው ከሩቅ እለያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ረጅም ሰላምታ የሚወዱትን ከሩቅ አይቼ ወደ ጎን መንገድ የምታጠፍበት ቀንም አለ። ለካሎሊ እጅ የምትነሳዋ ልጅ ከእኔ የተሻለች ጨዋ ነበረች።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ ዘነበች በአጠገቤ ዝም ብለው አለፉ። ክር አሁን እንኳ የማስገባላቸው እኔ ነኝ፤ ዓይናቸው ግን ይህን ያህል እንደደከመ አልነገሩንም ነበር። ሮጬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

“እኔ ነኝ እትዬ፣ ፍሬ ነኝ።”

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ከዚያ ያ የማይደበቅ ሳቅ መጣ። “እኔ ደግሞ ካሎሊው መስሎኝ ደህና አደሩ ልለው ስል ቀደምሽኝ!”

ክንዳቸውን ያዝኩና የሜንጎ ታክሲ የት እንደሚቆም ከሩቅ አየሁላቸው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን። መርማሪው ሲጠይቃቸው ሁለቱም ጥሩ ናቸው ቢሉ፣ ምን እንደምላቸው አውቃለሁ።