ሐረጎን ያልወጣችው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ወጣት ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ሲወጣ በሚኒባሱ መስኮት አየሁት። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። "ወራጅ አለ!" አልኩ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም እዚያው ዳገት ላይ እንዲሁ ገፍቻለሁ። ከቢስቲማ ወዲያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ነበርኩ። እናቴ "መንገዱ እንዳይገድልህ" ብላ የሟች አባቴን በቅሎ ሸጠችልኝ። በዚያ ነው ከኮምቦልቻው ነጋዴ ከፈንታው፣ ለጭቃና ለኮረኮንች የምትሆን ቀለል ያለች ያገለገለች ሞተር የገዛሁት። የበቅሎዋን ነገርም አጫውቼው ነበር።

"ማርያምን፣ በቅሎዋን ታስረሳሃለች!" አለኝ።

እዚህ ላይ ላስረዳ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ደሴ ተራራ ላይ ናት፤ ሐረጎ በመካከላቸው ነው። ሜዳ ላይ ያረጀ ሞተርም ይበራል፤ ጉልበቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ፈንታው ገዢ ሁሉ ሜዳው ላይ እንዲሞክር ያደርግ ነበር። እኔም ዳገት እየወጣሁ ያደግሁት የደሴ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ሞክሬ ገዛሁ።

ሐረጎ ወገብ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ክረምት ነበር። ጉሙ በባሕር ዛፎቹ መሐል ይወርዳል፤ መንገድ ዳር የሚጠበሰው እሸት በቆሎ ይሸታል። ከጠባሾቹ አንዷ "ወንድምዬ፣ ከዚህስ በቅሎ ይሻልህ ነበር!" ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ቁልቁል እያንከባለልኩ ወደ ፈንታው ግቢ ወሰድኳት።

"ጋሼ፣ የሸጡልኝ ሞተር ዳገት አትወጣም።"

"መምህሬ፣ እኔ የሸጥኩልህ ሞተር ነው፤ ተራራም ሸጬልሃለሁ እንዴ?"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ገንዘቤንም አልመለሰልኝም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር፣ በእግርም በጭነት መኪናም ብዬ እየመጣሁ፣ ከበሩ ትይዩ ሻይ ቤት እቀመጥ ጀመር። ገዢ ሲመጣ ተነሥቼ እንደ ተማሪዬ አስረዳዋለሁ፦ "ወንድሜ፣ ሜዳ አያታልልህ፤ መጀመሪያ ሐረጎን አውጣት።" ገዢው ዳገቱን ይጠይቃል፤ ፈንታው እምቢ ይላል፤ ገዢው ይሄዳል። ስድቡንም ዛቻውንም ከሻዬ ጋር አወራረድኩት።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ።

"ምን ቢያደርግልህ ትታረቃለህ?" አሉኝ።

"የአባቴን በቅሎ ይመልስልኝ።"

ከየት ያመጣታል? ግቢውን ዘግቶ ወደ ሐርቡ ወረደ። የዚያን ቀን ሻይ ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ባለፈው ሳምንትም ከሚኒባሱ ወርጄ ወጣቱን ከኋላ እየገፋሁ አገዝኩት። "ከማን ገዛሃት?"

"ከፈንታው ልጅ። የአባቱን ግቢ መልሶ ከፍቶታል። አባባ፣ ሜዳ ላይ ስትሄድ ቢያይዋት!"

ቂም ያረጃል ይባላል። የእኔ ግን ሐረጎን አንዴም ሳያርፍ ይወጣል። ደግሞ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ቀኑ ሁሉ ቅዳሜ ነው።