በነጠላ ሥር የመጣ ዋጋ

ወረዳው ለሁለት እንደሚከፈል የሰማሁት ከሚሴ ሥራ በገባሁበት ቀን ነው። ከደብረ ማርቆስ ይዤው የመጣሁትን ስንቅ እንኳ ገና አላወረድኩም።

«አዲሷ የግዥ ሠራተኛ አንቺ ነሽ?» አሉኝ የወረዳው ገዥ። «ተደላድለሽ አትቀመጪ። ከቦርከና ማዶ ምክትል ወረዳ ሊቋቋም ነው። ዕቃውን የሚያሻግሩ የጭነት በቅሎዎች ትገዢያለሽ።»

«እስከ መቼ ነው ጌታዬ?»

«ወንዙ ሳይሞላ። ከሞላ ለከርሞ ይቆያል።»

ግቢው ውስጥ ከማዶ የመጡ ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሼህ ሙሄ፣ ያለፈው ክረምት ለፍርድ ሲመጡ ታናሽ ወንድማቸውን ቦርከና ወስዶባቸዋል። «ልጄ፣ ሹም ናፍቆን አይደለም» አሉኝ። «ወንዙ ነው የመረረን።»

ደንቡ ቀላል ነበር። ሦስት ሰዎች ያሉበት የግዥ ኮሚቴ ገበያ ይወጣል፤ ከሦስት ሻጭ ዋጋ ይጠይቃል፤ ጤነኛና ርካሽ የሆነውን ይገዛል። ሰኞ ከሒሳብ ሹሙና ከእንስሳት ሐኪሙ ረዳት ጋር ባቲ ወረድን።

እንድሪስ የሚባል ሰው ጥሩ ጥሩ በቅሎዎች ይዞ አገኘሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዋጋቸው ስንት ነው?» አልኩት። ያልሰማ መስሎ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ሻጭ እንዲሁ።

አንድ ግመል ሻጭ ሳቀ። «ሴትዮዋ ዋጋውን በነጋሪት ልታስጎስም ነው እንዴ?»

ለካ እዚያ የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ ኩታ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ። ችግር ገፍቶት የሚሸጥ ሰው በስንት እንደሸጠ ጎረቤቱ አያውቅበትም።

እንድሪስ እጁን ለሒሳብ ሹሙ ዘረጋ። እኔ ከለከልኩ። በእኔ ፊርማ የሚወጣ ገንዘብ በሌላ ሰው ጣት አይቆረጥም አልኩ።

«እንግዲያው እጅሽን ስጪው» አለኝ የሒሳብ ሹሙ እየሳቀ።

እንድሪስ እጁን ሰበሰበ። «አስተግፊሩላህ። የሰው ሴት እጅ አልይዝም።»

እኔም ብሆን የሰኔ ጾም ይዤ የማላውቀውን ወንድ እጅ አልጨብጥም አልኩ። ተፋጠን ቆምን። ከበስተ ምሥራቅ የመጡ ነጋዴዎች በቅሎዎቹን ይዞሯቸው ጀመር፤ ሰማዩም ጠቁሯል። በዚያ ሰኞ ካልተገዛ የሚቀጥለውን ሰኞ ቦርከና አይጠብቀንም።

ያዳነችን ከአጠገቡ ቅቤ የምትሸጥ እህቱ ናት። እጇን ጠርጋ ተነሣችና «አብሽሪ እህቴ» ብላ መካከላችን ቁጭ አለች። አንድ እጇን በወንድሟ ኩታ ሥር፣ አንዱን በእኔ ነጠላ ሥር አስገባች። ሙሉ ጣት ምን እንደሆነ፣ አንጓ ምን እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ የእሱን ዋጋ በጣቴ ላይ አስቀመጠች። እኔ ቀንሼ መለስኩ። እሱ ጨመረ፤ እኔ አንድ አንጓ ብቻ ሰጠሁ።

«ይቺ ጾመኛ ጨካኝ ናት» አለች ለወንድሟ። «አንተንም ልታስጾምህ ነው።»

ከሌሎቹ ሁለት ሻጮችም ጋር እንዲሁ አገናኘችኝ። ጤነኛም ርካሽም የእንድሪስ ሆነ። ሁለቱ የኮሚቴ ጓደኞቼ በየተራ እጁን ይዘው ዋጋውን አረጋገጡ።

ገዥው ቃለ ጉባኤውን ሲያዩ ቅር አላቸው። «ደንቡ በግልጽ ይጠየቅ ነው የሚለው።»

«ሦስታችንም ሰምተናል ጌታዬ፤ ጽፈን ፈርመናል። ያልሰማው ገበያው ነው።»

ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ።

በቅሎዎቹ ጠረጴዛና መዝገብ ጭነው ሲሻገሩ ውኃው ገና ሆዳቸውን አልነካም። የመጀመሪያዋን የሳቡት ሼህ ሙሄ ናቸው። ማዶ ሲደርሱ ገመዱን ለቀው ወደ ወንዙ ዞሩ። «ከእንግዲህ ባንተ የምሻገረው በበጋ፣ ለገበያ ነው» አሉት።

ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ግዥ ሠርቻለሁ። የያዝኩት ይህን ነው፦ ዋጋውን መንግሥት ማወቅ አለበት፤ የሻጩ ጎረቤት ግን ማወቅ የለበትም።

የዚያችን ሴት ስም ሳልጠይቅ ተለያየን። ዛሬም ከአገሬ ርቄ ነው ያለሁት፤ በጸሎቴ ሳነሣት «የእንድሪስ እህት» እያልኩ ነው። በዚያ ሰኞ ባቲ ገበያ የነበራችሁ፣ ስሟን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በስሟ ልጥራት።