ለሙት የሚበላ አፍ

በእኔ ዕድሜ ካሉ የድሬዳዋ ወንዶች መካከል ሱሪውን ዛሬም በወጣትነቱ ልክ የሚያሰፋ ማን አለ ቢባል፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ጉራ አይደለም፤ ልብስ ሰፊዬ ምስክሬ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ አማርኛ ማንበብን ከሱቅ ማስታወቂያ፣ ፈረንሳይኛን ከባቡር ፉርጎ ላይ ለቅሜ ተምሬያለሁ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ። ሐኪም ቤት የምሄደው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሰናይት ምሳ ላይ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ "አያዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስኳርና ጥብስ በቃኝ፤ ልቀንስ ነው። አንተ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ቀጥ ያልከው?" አለችኝ። ሰዓቱ ቀትር ነበር፤ ውጭው ጭር ብሏል። ያንን ነገር በቀትር ማውራት አልወድም። መጻፍ ግን እችላለሁ።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ተደላድለው በተቀመጡበት ዘመን ነው። እኔ በባቡሩ ጋራዥ ፉርጎ አጣቢ ነበርኩ። ጉልበቴ የበሬ፣ ሆዴም የበሬ። ድሬዳዋ ደግሞ ሰውን ሳታወፍር አትለቅም ነበር። ጠዋት የወተት ሻይ ከሳምቡሳ ጋር፣ ረፋድ ላይ ስኳሩ በጣት ላይ የሚንጠባጠብ ሙሸበክ፣ ማታ ሐልዋ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያወፈረኝ ግን የአዴ ሙና የሐሙስ ሳህን ነው።

አዴ ሙና ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። አዴ ብዬ በአክብሮት ብጠራትም አንቺ እላታለሁ፤ በእኛ ከተማ ትልቅን ሰው እንዲያ መጥራት ድፍረት አይደለም። አንድ ልጇ አብዲ ጋሪ ነጂ ነበር። በአንድ የበጋ ቀን ፈረሱ ባዶ ጋሪ እየጎተተ ከጀልዴሳ ብቻውን መጣ፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ደጃፏ ላይ ቆመ። አብዲን በማግስቱ ግራር ሥር ሞቶ አገኙት። ትኩሳት ይዞት ከጋሪው ወርዶ ኖሯል። ቁስል የለበትም፤ ከንፈሩ ብቻ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። እኩያዬ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ስለ ሙት ሶደቃ ማውጣት፣ ምግብ መመጽወት፣ በሠፈራችን የተለመደ ነው፤ የሚሰጠውም ለመጣ ሰው ሁሉ ነው። አዴ ሙና ግን አንድ አፍ መረጠች፤ የእኔን። ሼኩ "ለማንም ብትሰጪ ይደርሰዋል" ቢሏት፣ "አፉ ከተቀያየረ መንገዱ ይጠፋዋል" አለች። ከተማው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ቀትር፣ በእንቁላልና በቅቤ የተሠራ ፈጢራ ማር አፍስሳበት፣ ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ ጨምራ ታቀርብልኛለች። በዐቢይ ጾም እንቁላሉንና ቅቤውን ትታ በዘይት ትሠራው ነበር፤ ለጾሜ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቃለች። ስበላ የምታየው ፊቴን ሳይሆን ጉሮሮዬን ነው። ስጨርስ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ጠገበ" ትላለች። ጠገብክ ብላኝ አታውቅም።

አንድ ቀን ፍሬን ያዥ ይፈለጋል ተባለ። ፍሬን ያዥ መሆን ማለት ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ማየት፣ በሠፈር መከበር፣ ከፉርጎ እጥበት መገላገል ነው። ሥራው በፉርጎው ጫፍ ላይ ባለች ቁም ሳጥን በምታህል ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ፍሬኑን ማጥበቅ ነው። አለቃችን "እስቲ ግባና ልይህ" አለኝ። ትከሻዬ ገባ፤ ሆዴ ቀረ። ልውጣ ብልም አቃተኝ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ።

"አቦ፣ ግሪስ አምጡለት!"

"ተዉት፣ እንደዚሁ ጅቡቲ ይድረስ! ፍሬኑም እሱ ራሱ ነው!"

አለቃው አልሳቀም። "ክንድህን ወድጄዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እንደገና እሞክርሃለሁ። ያኔም ካልገባህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለኝ።

ያኔ ወፍራም ሰው ይመሰገን ስለነበር ስለ መክሳት የሚመክር አልነበረም። እኔ ራሴን አጠናሁ። ምን ስበላ ቶሎ እንደሚርበኝ፣ ምን ስበላ እንደምቆይ ልብ አልኩ። ጣፋጭ ወዲያው ያስርባል፤ ሽምብራ ያቆያል። ሙሸበኩን፣ ሐልዋውን፣ ሳምቡሳውን ተውኩ። ጠዋት ፓፓያ በሎሚ፤ ምሳ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር፤ ሥጋ ከተገኘ ጮማውን አንስቼ ቀዩን ብቻ። ሻይ ያለ ስኳር። ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ ያለ ወተት። ጓደኞቼ "ታመመ" ብለው ሊያለቅሱልኝ ደረሱ። ሱሪዬ ግን ሰፋኝ።

ይህን በጀመርኩ በመጀመሪያው ሐሙስ አዴ ሙና እንደ ልማዷ መጣች።

"አዴ፣ ይቅር በይኝ፤ ክረምቱ እስኪወጣ ፈጢራ አልበላም" አልኳት።

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። "አንተ ካልበላህ እሱ በማን አፍ ይብላ?"

"ለሌላ ሰው ስጪለታ።"

"ሌላውን ሰው አያውቀውም" አለችና ሳህኑን መስኮቴ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

እኔም ተኛሁ። ስነሳ ሳህኑ ባዶ ነበር። ድመት ነው አልኩ። ነገር ግን ማር በፈሰሰበት ሳህን ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንዲት ጉንዳን እንኳ አልነበረችም። በሚከተለው ሐሙስም እንዲሁ ሆነ።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ፣ በአንድ ቀትር በከዚራ ዛፎች ሥር ብቻዬን ስሄድ ጋሪ መጣ። ፈረሱ የአብዲ ነበር፤ አሁን የሚነዳው ዩያ የሚባል ሰው ነው። ፈረሱ መንገዱን አቋርጦ አጠገቤ ቆመ፤ አንገቱን አዙሮ ደረቴን አሸተተ። ሰው እስኪሳፈር እንደሚጠብቅ ቀጥ አለ።

"ምን አብልተኸው ነው?" አለኝ ዩያ።

"ምንም።"

አለንጋውን አነሳ፤ ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ዩያ ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ድምፁ ወረደ። "ወላሂ... ጉንጭህ የት ሄደ? በአላህ፣ ግርማ፣ በሌላ መንገድ ሂድልኝ።"

ሄድኩ። ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ እግሬን ተከተለኝ፤ ዩያ ልጓሙን ይዞ እስኪያዞረው ድረስ።

ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብቼ መስታወት አየሁ። ሥጋው ሲሄድ የወጣውን አጥንት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ግን አልነበረም፤ የአብዲ ነበር። ከአብዲ ጋር ዝምድና የለንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥም ያዘኝ፤ ሻይ፣ ሆጃ፣ የሎሚ ጭማቂ ብጠጣ የማይቆርጥልኝ ጥም።

ክረምቱ ወጣ፤ የፍሬን ያዥነቱ ፈተና አርብ ጠዋት ነው ተባለ። ሐሙስ ቀትር ላይ አዴ ሙና ሳህኗን ይዛ መጣች። በሩን ስከፍት አልደነገጠችም። መንገደኛ ልጇን እንደምትቀበል እናት ቀስ ብላ ተናገረች።

"ከሳህ አብዲ። የምሠራልህ አይደርስህም ማለት ነው።"

"ግርማ ነኝ፣ አዴ።"

አልሰማችኝም። ማር የሚንጠባጠብበትን ፈጢራ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋች። ብጎርስ የሐሙስ አፍ ሆኜ ልቀር ነው፤ ሆዴም ይመለሳል፣ ባቡሩም ይቀርብኛል። ባልጎርስ ደግሞ ይህ ፊት አይለቀኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቴን ተጠቀምኩ፤ እኔን የሚያጠግበኝ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ያጠናሁበትን ጥያቄ ለአብዲ ጠየቅኩለት።

"አዴ፣ አብዲ ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምን ነበር?"

"ቢሻን" አለች፣ ሳታስብ። "'አዮ፣ ቢሻን' ነው የሚለኝ። እማ፣ ውኃ።"

ያለችውን ራሷ ሰማችው። እጇ ወደ ታች ወረደ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"ያ ረቢ! ጥም ለገደለው ልጅ ማር ሳበላው ኖርኩ?"

ቤቷ ገብታ ጥላ ሥር የሚቀመጠውን እንስራ አመጣች። በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ደግማ ቀዳች፤ ጠጣሁ። እንስራው ዘንበል አለ፣ ከዚያም ተገለበጠ። ሰው ሊይዘው የማይችል ውኃ ነው፤ ሆዴ ግን ምንም አላለም። ቅዝቃዜው በደረቴ ወርዶ የእኔ ወዳልሆነ ቦታ ሲሄድ ይታወቀኛል። አዴ ሙና ጉሮሮዬን እያየች ነበር። በመጨረሻ ዓይኗን ወደ ፊቴ አነሳች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እኔን አየችኝ።

"ረካ" አለች። ከዚያም፣ "ግርማ፣ አንተስ? ምሳ በልተሃል?"

በማግስቱ ፈተናው ላይ የፉርጎዋ ጎጆ ውስጥ ገባሁ፤ ሰፋችኝ። አለቃው "ለካ ለሁለት ሰው ትበቃለች!" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በመጀመሪያው ጉዞዬ እስከ ሽንሌ ጣቢያ ድረስ በቀኝ ጎኔ ትከሻ የሚያህል ቅዝቃዜ ተደግፎኝ ነበር። ሽንሌ ላይ ወረደ።

ለሰናይት ትናንት የነገርኳት አጭሩን ነው፦ ራበኝ ብለሽ እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት መጀመሪያ ውኃ ጠጪ፤ ብዙ ጊዜ ራብ የሚመስለን ጥም ነው። የቀረውን እዚህ ታነበዋለች።

እኔ ደግሞ ያደረግኩትን ልናገር። ፍሬን ያዥ ሆኜ ባሕር አየሁ። በጡረታ እስክወጣ ድረስ በእኔ ፍሬን አንድም ፉርጎ አልተገለበጠም። ቤት ሠራሁ፤ ልጆቼን አስተማርኩ። ያለ ሐኪም ምክር ሰውነቴን አስተካከልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር ሻዬን አልነካም። አዴ ሙናን በእርጅናዋ ጦርኩ፤ ስትሞትም ከቀባሪዎቿ ጋር ቆምኩ። እሷ ካለፈች ወዲህም ሐሙስ ቀትር ሲሆን ከእንስራ ቀድቼ እጠጣለሁ። አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም፤ አንድም ጊዜ ግን እኔ ጠምቶኝ አይደለም።