ወፎቹ ያዩት ዛፍ

መስኮት አጽጂዋ የወለወለችው መስታወት ጭራሽ ያለም አይመስል። የአዲሱን ፎቅ ጽዳት ከያዘች ወዲህ ግን እሷ ባጸዳችው በኩል ወፎች እየሞቱ ይወድቁ ጀመር።

“ምን አገባሽ እህቴ? እኛ የተቀጠርነው ለመስታወት ነው” አላት አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ፣ የሞተች ወፍ አንሥታ ስትመረምር አይቶ።

“አንተ፣ አፍህን ትተህ ዓይንህን አምጣው!” ብላ ወፎቹ በሚመጡበት በኩል አቆመችው።

የግቢው ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር መስታወቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

“ለካ ሊያርፉበት ነው!” አለ።

ሳሙና አወፍራ በጠበጠችና መስታወቱን በውጭ በኩል በጣቷ ነጠብጣብ ሞላችው።

“ማጽዳት ይኼ ነው? ውልሽን ነው የምቀድደው!” አለ የሕንፃው ኃላፊ።

“ሳምንት ይታገሱኝ። አንዲት ወፍ ከወደቀች እኔው ቀድጄው እሄዳለሁ።”

ሳምንቱን ሙሉ አንድም ወፍ አልወደቀችም። ኃላፊው ሳሙናውን አስጠርጎ የማይለቅ ተለጣፊ ነጠብጣብ አዘዘ፤ ለጣፊዋም እሷው ሆነች።