ሃሉ ሰባት

አርብ ዕለት መቱ ላይ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዝም አለ። ፕሪንተሩም ዝም አለ። እኔም ሥራ ፈትቼ የሱቃችን በር ላይ ተቀምጬ ዝናቡን አያለሁ። ወንድሜ ግን ሥራ ነበረው። መብራት ሲጠፋ የሱ ሥራ ነው የሚበዛው። የሰርግ ካርድና ሰርተፍኬት ላይ የሰው ስም በእጁ ይጽፋል። ለዚያ መብራት አያስፈልግም፣ መስኮት ይበቃል።

ጋሼ ነበር የምለው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። የትኛውን እንደምጽፍ አሁንም አላውቅም።

የሚጽፈው በስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለም በሚሞላ ብዕር ነው። ቀለሙንም ራሱ ይሠራዋል። የቡና ገለፈት ቀቅሎ ያጠልላል። በሌላ ዕቃ የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ አንድ ሳምንት ያህል ያቆያል። ከዚያ ሁለቱን ያቀላቅላል። ሲጽፉበት ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለም አይመስል። ትንሽ ሲቆይ ግን ዓይን እያየው ይጠቁራል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም። አልነገርኩትም እንጂ።

አርብም አንዲት እናት የልጃቸውን የሰርግ ካርዶች ይዘው መጡ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ስም ጽፎ ሰጣቸው። ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ አራቁና ደግመው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ሻይ ነው እንዴ የደፋህብኝ?»

«ትንሽ ይታገሱ እትዬ፣ ይጠቁራል።»

«እስኪጠቁር ሙሽራዋ ሸበተች እኮ!»

«ከሸበተች እሷንም ቀለም እንቀባታለን።»

«ወይ አንተ! ሚስት የለህ፣ ስለ ሙሽራ ምን ታውቃለህ?»

እየሳቁ ተቀመጡ። ስሙ ሲጠቁር አዩ። «ሌሎቹንም እንዲሁ አድርግልኝ» አሉት።

እኔ አልሳቅኩም መሰለኝ። ያን ሰሞን ኩርፊያ ላይ ነበርኩ። ምክንያቱን ልጻፈው።

ወንድሜ ኡካ ላይ የሚያስተምር ጓደኛ ነበረው። የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሰው ሁሉ ቲቸር ይለዋል። ኡካ የሃሉ ወረዳ ከተማ ናት። እኛ ዘንድ አንዳንዱ ኡካ ይላል፣ አንዳንዱ ሃሉ ይላል፤ ያው ነው። ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መቱ ይመጣና ከወንድሜ ጋር ቀለም ሲቀምም ይውላል። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን ቀለም ይዞ መጣ። ትንሽ ጠርሙስ ናት። ሲጽፉባት ሰማያዊ ነበረች፤ ስትደርቅ ወይን ጠጅ ሆነች፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ የጥንዚዛ ጀርባ ዓይነት ወርቃማ መልክ አወጣች። ወንድሜ እሷን ካየ በኋላ ዕረፍት አጣ። የቡናው ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለወጠው፤ እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚለወጥ እፈልጋለሁ አለ።

ከርከዴ መዘፍዘፍ ጀመሩ። ቀዩን ውኃ ሎሚ ሲጨምሩበት ይበልጥ ይቀላል። ቤኪንግ ፓውደር በጥፍር ጫፍ ሲነሰንሱበት ወደ ሰማያዊ፣ ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከቡናው ቀለም ጋር ቀላቀሉት፣ ከምስማሩ ውኃ ጋር ብቻ ቀላቀሉት፣ ሙጫ ጨመሩበት። የብዕሩን ጫፍ ደፈነው፤ ፈትተው አጠቡት።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ይሄንን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ያው አንድ ቀለም በደብተር ወረቀት ላይና በካርዱ ወረቀት ላይ መልኩ እንደሚለያይ ያየሁት እኔ ነኝ። ደብተሩ ላይ ቀይ ሆኖ የቀረው ካርዱ ላይ ሰማያዊ ሆነ። ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ቲቸር ወረቀቱን ተቀበለኝና «ካርዱ ውስጥ ኖራ ነገር አለ ማለት ነው፣ እሱ ነው የለወጠው» አለ። ወንድሜ ወደሱ ዞረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የቲቸር ሆነ።

ሁለቱ ሲሠሩ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። ወላጆቻችን ከወሎ በሰፈራ የመጡ ስለሆኑ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው። ኦሮምኛ ግን እኔም በደንብ እችላለሁ፤ በትምህርት ቤትም በጎረቤትም ያደግኩበት ነው። የነሱ ኦሮምኛ ግን ሌላ ነበር። ፈጣን ነው፣ ቀልድ ይበዛበታል፣ እኔ የለሁበትም።

ቲቸርን አንቱ ነበር የምለው። የገዛ ወንድሜን አንተ እያልኩ የወንድሜን እኩያ አንቱ። «አንተ በለኝ እንጂ፣ ምነው ሽማግሌ አደረግከኝ?» ይለኛል። «እሺ ቲቸር፣ እንዳሉ» እለዋለሁ። ሰውን ለማራቅ ከአክብሮት የሚሻል ነገር አላገኘሁም ነበር።

ወደ አርብ ልመለስ። ማታ ከመድረሱ በፊት ሱቁን ልንዘጋ ስንል መደርደሪያው ላይ አንዲት የሽሮፕ ጠርሙስ አየሁ። ፕላስተር ተለጥፎባታል። ፕላስተሩ ላይ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ ፊደል፣ «ሃሉ 7» ይላል።

ለሃሉው ሰውዬ የሚላክ ሰባተኛ ጠርሙስ። እንደዚያ ነው ያነበብኩት። ስድስት ተልኮለታል፣ ይሄ ሰባተኛው ነው። ለኔ አንድ እንኳ ስሜ የተጻፈበት የለም።

«ሰባት ሞሉ ማለት ነው?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ሰባት! አየኸው እንዴ? ስድስቱ ሄዱ፤ ይሄኛው ግን አይሄድም።»

«ይሄም ይሄዳል።»

«አይሄድም ስልህ! ሦስት መልክ ነው ያለው። ነገ ከጎሬ ስመለስ ፀሐይ ላይ አሳይሃለሁ።»

«ለኡካው ሰውህ አሳየው።»

«እሱማ አይቶታል።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ትፈልገኛለህ?»

ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። «ምን ሆነሃል አንተ? ጥርስህን ነው የሚያምህ?»

ጥርሴን እንዳልሆነ እንዴት ልንገረው። ጥዬው ወደ ቤት ሄድኩ። እራት ስንበላ ወደሱ አላየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሱቁን አንተ ክፈት» አለኝ። ነቅቻለሁ፤ የተኛሁ መሰልኩ።

በሰው ሞተር ሰርተፍኬቶች ይዞ ወደ ጎሬ ነበር የሚሄደው። መንገዱ ርሶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰዎች መጥተው መሞቱን ነገሩን። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ግቢው በሰው ሲሞላ አጎቴ የወንድሜን ስልክ ሰጠኝ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ይሠራል። «ለጓደኞቹ አንተ ደውል» አለኝ። «የኡካውን ልጅ አስቀድም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ለቀብር ይድረስ።» ያን ቅዳሜ ቲቸር ፈተና ስለነበረበት ወደ መቱ አልመጣም ነበር።

ደወልኩ። ለሌሎቹ ሁሉ ደወልኩ። አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የቲቸር ስም ላይ ስደርስ «ቲቸር ሃሉ» ይላል። ጣቴ እዚያው ቆመ። ስድስት ጠርሙስ ወስዷል፤ ቀብሩን እንኳ ለኔ ይተውልኝ አልኩ። በልቤ እንደዚያ ነው ያልኩት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

«ደወልክለት?» አለኝ አጎቴ።

«አዎ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ የእድሩ ዳኛ፣ አንገታቸውን አስግገው ሰዉን ቃኙት።

«ያ የኡካው መምህር የታለ?»

«ተደውሎለት ነበር» አለ አጎቴ።

«ተደውሎለት ነው የቀረው?»

«በየሳምንቱ እዚህ ቤት ሲበላ አልነበር እንዴ!» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ያንን ነው እኮ የምለው! ነገ ቢመጣ እጄን ለሰላምታ አልሰጠውም። ወዳጅ ነኝ እያለ አፈር ሳያለብስ!»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኛ አገር ለቀብር የቀረ ወዳጅ ስሙ አይመለስም፤ በገበያም፣ በሰርግም፣ ልጆቹ ድረስ ይከተለዋል። ያንን አውቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ደስ አለኝ። ወንድሜን በቀበርኩበት ቀን ደስ አለኝ። ይሄን ብዘለው የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው፣ ከቲቸር። በኦሮምኛ፣ በቁቤው የላቲን ፊደል ነው የጻፈው። «ሃሉ ሰባትን ለታናሽህ አሳየኸው? ምን አለ? ሐሳቡ እሱ ካየው የካርድ ወረቀት የተነሣ እንደሆነ ነገርከው?» ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። «ሃሉ» የምትለው ቃል ላይ ኤሏ ሁለት ናት። የወረዳው ስም ኤል አንድ ነው ያለው። ሁለት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነበብ፣ በኦሮምኛ ቀለም ማለት ነው። ቀለም ሰባት። ሰባተኛው ሙከራ። ወንድሜ ፕላስተሩ ላይ በአማርኛ ፊደል ስለጻፈው ይጥበቅ ይላላ ምልክት የለውም፤ እኔ አላልቼ አነበብኩት። ስድስቱ ሄዱ ያለኝም ወደ የትም አልተላኩም። ደበዘዙ ማለቱ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሁለቱንም ቋንቋ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ያኔውኑ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ብዬ? በስልክ የሚነገረው ለሩቅ ሰው ነው። ለቤተሰብ መርዶ ይነገራል፤ በጠዋት፣ ደጁ ድረስ ተኪዶ። እሱ የትኛው ነው? ያንን መመለስ አልፈለግኩም። እስኪነጋ ጠበቅኩ ማለት ይቀላል።

እሑድ ጠዋት እናቴ ሳታየኝ ከድንኳኑ ወጣሁ። ሐዘንተኛ በማግስቱ ከቤት አይወጣም። መናኸሪያው ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች የለቅሶ ነጠላዬን አይተው መንገድ ለቀቁልኝ፤ የት ልሄድ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ወደ ኡካ የሚሄደው መኪና ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መርዶ የሚያረዳ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌ ይዞ ነው። እኔ ማንን ይዤ ልሂድ? ምን ብዬ ልለምን?

ቲቸር ግቢው ውስጥ ሸሚዝ እያጠበ ነበር። ሲያየኝ እጁ አረፋ እንደሆነ ሳቀ።

«አንተ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ያ ሰነፍስ? መልእክት መመለስ ተወ እንዴ?»

ከዚያ ነጠላዬን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቆየ፤ ማንሳት የረሳው ይመስል።

«ቲቸር፣ ይቀመጡ» አልኩት። አልተቀመጠም። «ትናንት ጠዋት ነው። ጎሬ መንገድ ላይ፣ በሞተር። ዘጠኝ ሰዓት ቀበርነው።»

እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድምፅ አውጥቶ አላለቀሰም፤ ሸሚዙን ብቻ ይጨምቃል፣ ይጨምቃል። በመጨረሻ «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ስልኩ እኔ ጋ ነበር። ደውል ተባልኩ። ደውያለሁ ብዬ ዋሸሁ።»

«ለምን?»

መኪናው ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። «ቀንቼ ነው» አልኩ።

አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። እስከ መቱ ድረስ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ሄድን።

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። የእድሩ ዳኛ ፊታቸውን አዞሩ። ቲቸር እጁን ዘርግቶ ወደሳቸው ሄደ፤ እሳቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም።

መሀል ላይ ቆምኩ። «እሱ አልቀረም» አልኩ። «አልተነገረውም። ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አጎቴንም ዋሽቼዋለሁ።»

«ልጁ ሐዘኑ አደናግሮት ነው» አለ አንድ ሰው፣ በርኅራኄ።

«አልተደናገርኩም» አልኩ። «ሆን ብዬ ነው።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ዳኛው እጃቸውን አወጡ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቲቸርን አቀፈችው፤ ልጄ፣ ልጄ እያለች አለቀሰች። እኔን ከቀብር መልስ እንደዚያ አላቀፈችኝም ነበር። ቀናሁ። ያኔም ቀናሁ። ከእሷ ጎን ያለችው ወንበር የኔ ነበረች፤ ወደሱ ገፋሁለትና በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።