ግብጦ በአዳማ

ጉልበቴን ያየው ሐኪም «የቆሰበር ብርድ አልተስማማዎትም፤ ጥቂት ወራት ቆላ ይቀመጡ» ስላለኝ አዳማ ልጄ ቤት ሄድኩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ልጄ ያላትን ሁሉ ታቀርብልኛለች፤ ፓስታ በቲማቲም፣ ሩዝ በካሮት፣ ከሱቅ የተገዛ ሽሮ። እበላለሁ፤ አመሰግናለሁ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የገብስ እንጀራ በተልባ አማረኝ። ረመጥ ውስጥ የተጠበሰ የቆሰበር ድንች አማረኝ። ከሁሉም ግብጦ አማረኝ።

ግብጦን ለማያውቅ ልንገረው። ባቄላ የሚመስል ነጭ ፍሬ ነው፤ እንዳለ ከቀመሱት እንደ ሬት ይመራል። ይቆላና በጆንያ ታስሮ በሚሮጥ ወንዝ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይሰነብታል። ምሬቱን ወንዙ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ተልጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ይበላል። የቆመ ውሃ አይሆነውም።

ከቤት ስነሳ ከዳንግላ ገበያ የገዛሁትን ግብጦ በሻንጣዬ ሥር ይዤ ነበር። ለአምሮቴ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የባሌ ታላቅ እህት አዳማ ትኖራለች። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም።

ከዳንግላ ተድሬ ቆሰበር ስገባ ሃያ ዓመቴ ነበር። ስለ ባሌ አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ጾም አማቴ የማኅበር ተራ ደረሳትና የእንግዶቹን ግብጦ ለእኔ ሰጠችኝ። ለሙሽራ ትልቅ አደራ ነው። ቆላሁ፤ ወንዙ ከድንጋዮቹ መሃል እየተንደረደረ የሚወርድበትን ቦታ መርጬ ጆንያዬን አሰርኩ። በስድስተኛው ቀን ላወጣው ስሄድ ጆንያዬ የለም። ከታች፣ ውሃው በሚተኛበት ጥግ አገኘሁት። ቋጠሮው የእኔ አልነበረም። እኔ በመረጥኩት ቦታ የባሌ እህት ጆንያ ታስሯል።

እንግዶቹ እየመጡ ስለነበር ተቻኩዬ ልጬ አቀረብኩ። ካህኑ ሳይቀሩ መዳፋቸው ላይ ተፉት።

«የዳንግላ ሴት እጇ መራራ ነው!» አለች የባሌ እህት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ድግስ ሲኖር ድንች እልጣለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፤ ግብጦ ግን አይሰጠኝም። እኔም ቋጠሮውን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን በእጄ የሠራሁትን ግብጦ እንድትበላ፣ በልታም በሰው ፊት ጣፈጠ እንድትል ፈለግኩ።

የሚሮጥ ውሃ ከየት ላምጣ? በልጄ ሰፈር ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ግማሹን ቆልቼ በባልዲ ዘፍዝፌ ጠዋትና ማታ ውሃ ልቀይር ሞከርኩ። በሁለተኛው ቀን አረፋ ደፈቀ፤ ሸተተ። ሙቀቱን አልቆጠርኩትም፤ የእኛ ወንዝ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ መሆኑን ረስቼው ነበር። ደፋሁት፤ ተናደድኩ።

አንድ ቀን ከሐኪም በባጃጅ ስመለስ መኪና ማጠቢያ አየሁ። ከጉድጓድ የሚሳበው ውሃ ታንከሩን ሞልቶ በቦይ ይወርዳል። ይሮጣል! «አቁምልኝ!» አልኩ።

ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው። «እማማ፣ ምን እንጠብልዎ?»

«ግብጦ።»

«እሱ ደግሞ የየትኛው ዓመት ሞዴል ነው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩን ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ። «እርስዎስ ጉድ ነዎት! ከታንከሩ ሥር ይሰሩት፤ መኪኖቹ ከታች ናቸው፣ ሳሙና አይደርስበትም።»

የቀረውን ግብጦ በማግስቱ ቆልቼ ወሰድኩና በራሴ እጅ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ጉልበቴን እንኳ ረሳሁት! በየጠዋቱ እየሄድኩ አንድ ፍሬ እነክሳለሁ። በሦስተኛው ቀን መራራ። በአምስተኛው ምላሴን ብቻ ነካ አደረገኝ። በስድስተኛው ነከስኩ፤ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ሌላ ነከስኩ። «ወጣ! ምሬቱ ወጣ!» ብዬ ስጮኽ ሾፌሮቹ ሁሉ ዞሩ። ባለቤቱ አንድ እፍኝ ወሰደ፤ ተመልሶም ሁለተኛ እጁን ዘረጋ።

እሑድ የባሌን እህት ጠራኋት። የልጄ ጎረቤቶችም ነበሩ። ምርኩዟን ተደግፋ ገባች።

«ሙሽሪት! ዛሬም በእግርሽ ትሄጃለሽ?»

«እርስዎን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ እትዬ?»

ሳህኑን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ግብጦ? እዚህ አገር? ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ውሃ ከአጠገቤ አስቀምጡልኝ» አለች፤ ሰው ሳቀ። አንድ ፍሬ ቆረጠመች። ሁለት። ከዚያ በእፍኝ። ዓይኔን ከአፏ ላይ አልነቀልኩም።

«የአዳማ ውሃ ለካ ደግ ነው» አለች።

ውሃው! ደሜ ፈላ። «ያን ጊዜስ እትዬ፣ ጆንያዬን ከሚሮጠው ውሃ አንሥቶ ጥግ የጣለው ማን ነው?»

እሷ ማኘኳን አላቆመችም። «እኔ ነኛ» አለች። «ጥሩው ቦታ አንድ ነው፤ የእኔም ጆንያ ነበረ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት አይናገሩም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ልጄን ቆሰበር ደውዪ አልኳት። የባሌ አክስት እስከ ዛሬ የማኅበሩን ድግስ ያከፋፍላሉ፤ ግብጦውን ማን እንደሚሠራ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሲገባ ልጄ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው፤ የባሌ እህት በአገራችን ቋንቋ በአውንጊ ጀመረች።

«በአማርኛ ያድርጉት!» አልኩ። «ጎረቤቶቹም ይስሙ።»

ፊቷን አጨማደደች፤ ግን ተናገረች። «ያን ጊዜ የሙሽሪትን ጆንያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እጇ መራራ አይደለም።»

«ይኼን ለመንገር ነው የደወላችሁት?» አሉ አክስት። «ያኔውኑ እናውቅ ነበር። ወንዝ የወረዱ ሴቶች አይተውሻል።»

ስልኩን ነጠቅኳት። «ካወቃችሁ ለምን ከለከላችሁኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጆንያውን ማንም ያንሣው፤ መቅመሱ ያንቺ አልነበረም? ሳይቀምስ እንግዳ ፊት የሚያቀርብን ሰው እንዴት እንመን?»

የሠላሳ ዓመት ቂሜን ስቆጥር ይህችን አንዲት ነገር ዘልያት ነበር። አልቀመስኩም። ቋጠሮው የእኔ እንዳልሆነ እያየሁ አልቀመስኩም።

«የዛሬውንስ ቀመስሽው?» አሉኝ።

«በየቀኑ! ስድስት ቀን ሙሉ!»

«እንግዲያው የመጪው ጾም ግብጦ ያንቺ ነው። በጊዜ ነይ።»

ልጄ ጨበጨበች። እኔ ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። የባሌ እህት ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና «እኔስ መምጣቴ ይቀራል? ምን ልሥራ?» አለች።

«እርስዎ ድንች ይልጣሉ» አልኳት።