ከእግራቸው ላይ ያነሳሁት ጋቢ

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቂርቆስ በሚገኘው ቤታቸው የገባን ሰው ጋቢ ሳያለብሱ አያስቀምጡም ነበር። በሥራ ዓለም ሳለሁ የመምሪያ ኃላፊዬ ሊጠይቋቸው ቢመጡ፣ ከነሱፋቸው ከነከረባታቸው ሸፈኗቸው። «ተዉ እማማ፣ አልበረደኝም» ሲሏቸው፣ «አለቃም ቢሆኑ ጀርባ አለዎት፤ ይልበሱ» አሏቸው።

ባለፈው ክረምት ልባቸው በድንገት ቆመ። ካሳንቺስ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ሐኪሞች ልባቸው መልሶ እንዲመታ አደረጉ። ሐኪሙ ለእህቴና ለእኔ፣ «አሁን የምንሰጋው ለአንጎላቸው ነው። ጉዳቱ እንዳይብስ ሰውነታቸውን እያቀዘቀዝን ነው» ሲል አስረዳን። በብብታቸውና በአንገታቸው ዙሪያ የበረዶ ከረጢት ተደርጎ ነበር። እህቴ ይህን ማየት አልቻለችም። ነርሷ ዞር ስትል ከቤት ያመጣችውን ጋቢ እግራቸው ላይ ጣል አደረገች።

ነርሷ ተመልሳ አየችው። «እናቴ ቢሆኑ እኔም ማልበስ ያምረኝ ነበር፤ ግን ሕክምናቸው ይኸው ነው» አለች። ጋቢውን እኔው አነሳሁት።

በኋላ ቀስ በቀስ መልሰው አሞቋቸው፤ አልነቁም።

ዛሬም ቤታቸው ስገባ ከበሩ አጠገብ ሳላስበው ቆም እላለሁ፤ ትከሻዬ ላይ የሚያርፍ ነገር የለም። እህቴ በተገናኘን ቁጥር፣ «በርዷቸው ይሆን?» ትለኛለች። ሐኪሙ በመድኃኒት ስለተኙ ብርዱ እንደማይሰማቸው ነግሮኝ ነበርና ይህንኑ በእርጋታ አስረዳታለሁ። ትክክል እንደሆነም አምናለሁ። እስከ መጨረሻው ይዤው የነበረው እጃቸው ምን ያህል ይቀዘቅዝ እንደነበር ግን እስካሁን አልነገርኳትም።